በእጃችን ማስረጃ የለም፤ አሰልጣኙን እንጠቁም ወይስ እንጠብቅ?

ጠያቂዋ እናት፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። በሰፈራችን የሴቶች እግር ኳስ ፕሮጀክት ትጫወታለች። አሰልጣኙን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ደመወዝ የሚባል ነገር ሳይኖረው ነው የሚለፋው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አንዷን የ13 ዓመት ልጅ ለይቶ ያቀርባታል። አባት የላትም፣ እናቷ ጉሊት ነው የሚውሉት። ታኬታ ገዛላት። ከልምምድ በኋላ ብቻዋን በመኪናው ይሸኛታል። ማታ ማታ በቴሌግራም ይጽፍላታል፤ የጻፈውን ደግሞ መልሶ ራሱ ያጠፋዋል። ይሄን የነገረችኝ ልጄ ናት። ሰሞኑን ደግሞ «ወላጅ ሜዳ ሲመጣ ልጆቹ ይረበሻሉ» ብሎ እንዳንመጣ ከለከለን። ወላጆች ለሁለት ተከፍለናል። ግማሹ «ምን አየሽና የሰው ስም ታጠፊያለሽ» ይለኛል፤ ግማሹ «ዛሬውኑ ፖሊስ ጋ» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አሰልጣኝ፦ እህቴ፣ እኔም ታዳጊ ነው የማሠለጥነው። ከልጆቼ ግማሹ ታኬታ የላቸውም፤ ከኪሴ ገዝቼ አውቃለሁ። ሲመሽ በመኪና አድርሻለሁ። ይሄ ሁሉ ወንጀል ከሆነ ነገ ማን ፕሮጀክት ይይዛል? ኳሱን የምንገዛው እየለመንን ነው። በልጅ ጉዳይ አንዴ ስምህ ከተነሳ ደግሞ በሰፈሩ አለቀልህ፤ ነፃ ብትባልም የሚሰማህ የለም። መጀመሪያ ሰውየውን አነጋግሩት። ካልሆነ ለፕሮጀክቱ ኃላፊ ንገሩ።

የቀድሞ ሯጭ፦ ኮች፣ ታኬታውን ተወው። ለሁሉም ልጅ ወላጅ እያየ ብትገዛ ማንም አይናገርህም። እኔን ያስደነገጠኝ የሚጠፋው መልእክት ነው። አባት የሌላት ልጅ መመረጧ ነው። ወላጅ ሜዳ እንዳይመጣ መባሉ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ደግነት አይባሉም።

እኔ ከገጠር መጥቼ የሯጮች ካምፕ የገባሁ ልጅ ነበርኩ። ካምፕ የሚያስገባህ አሰልጣኙ ነው፣ ውድድር የሚያሰልፍህ እሱ ነው፣ ማናጀር ጋ የሚያገናኝህም እሱ ነው። ታዲያ ማሳጅ ብሎ በር ሲዘጋ ማን «እምቢ» ይላል? የኛው አሰልጣኝ «ጡንቻሽ ተይዟል» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ ባት ነው። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ልጅቷ ሕክምና ይሁን ሌላ ነገር መለየት ያቅታታል፤ ግራ እንድትጋባ ነው ደግሞ የሚፈለገው።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ ወንዱም ሴቱም ልጄ ስፖርት ይሠራሉ። በኦሎምፒክ ስፖርቶች ሥር ባሉ ክለቦች አሰልጣኝ ከልጅ ጋር ለብቻው ከሆነ ሌላ ሰው የሚያየውና የሚገባበት ቦታ መሆን አለበት። ለልጅ ሲጽፍም ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ በመልእክቱ ውስጥ ይገባል። ጥቃት መኖሩን የጠረጠረ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው። ይሄ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ፣ የጂምናስቲክ ቡድኑ ሐኪም የላሪ ናሳር ጉድ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ እኮ አንዳንዶቹን ልጆች የጎዳው ወላጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በሕክምና ስም ነው።

«ለኃላፊው ንገሩ» ላልከው ኮች፣ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲውን ሳንደስኪ ላስታውስህ። የአሜሪካ ፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ባልደረባ ሳንደስኪን ከአንድ ልጅ ጋር ሻወር ቤት ውስጥ አይቶ ለዋናው አሰልጣኝ ነገረ። ዋናው ለአለቆቹ ነገረ። ለፖሊስ የነገረ ግን አልነበረም። ሰውየው የታሰረው በ2011 ነው።

አሰልጣኝ፦ አሜሪካ ሌላ ነው። እኔ ቡድን ይዤ ክፍለ ሀገር ስሄድ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ስምንት ልጅ ይተኛል። ሁለተኛ አዋቂ ልውሰድ ብል አበሉን ማን ይከፍላል? ደግሞ ነገሩ እየሰፋ ሄዶ ስጮህባቸውም ልከሰስ ነው?

የቀድሞ ሯጭ፦ ኳስ አበላሽታ ብትጮህባት ማንም አይከስህም። «ወፍራም» እያልክ በጓደኞቿ ፊት ብታሸማቅቃት፣ ወይም በዱላ ብትመታት ግን ሌላ ነው። ሲፋን ሐሰንና ዮሚፍ ቀጄልቻ የሠለጠኑበትን የናይኪ የሯጮች ቡድን፣ የኦሪገን ፕሮጀክትን፣ ታውቀዋለህ። ሜሪ ኬን የምትባል አሜሪካዊት ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥታ በክብደቷ ምክንያት በሰው ፊት ትዋረድ እንደነበር ተናገረች። አሰልጣኙ አልቤርቶ ሳላዛር ቢያስተባብልም በ2021 በጾታዊና በስሜታዊ በደል ከአሜሪካ አትሌቲክስ ዕድሜ ልኩን ታገደ። የመኝታውን ነገር በተመለከተ ደግሞ ወላጆች በተራ ይሂዱላችሁ፤ ለመሄድ የሚጓጓ እናትና አባት ሞልቷል።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ሰውየው ነው የምታወሩት። ስለ ልጅቷ አስቡ እንጂ። ፖሊስ ከገባ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ነገ «ያቺ» እየተባለች ትጠቆማለች። ገበናዋ አደባባይ ይወጣል። ሦስት ሽማግሌ ሄዶ «ይህን ሥራ ልቀቅ» ቢለው በሳምንት ይለቃል። እኔ በትምህርት ቤት ዘመኔ በዚህ መንገድ የተፈታ ነገር አይቻለሁ።

የቀድሞ ሯጭ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከለቀቀ በኋላ የት ሄደ? ሌላ ሰፈር ሌላ ፕሮጀክት ይዞ ይሆናል እኮ። ሽማግሌ ለጠብ፣ ለዕዳ፣ ለባልና ሚስት ይሁን። የ13 ዓመት ልጅ ከማን ጋር ነው የምትታረቀው?

ጡረተኛ መምህር፦ የጠየቅሽኝ ከባድ ነው። እውነቱን ለመናገር የት እንደሄደ አልተከታተልንም። ቢሆንም ስለ ልጅቷ ስም ያልኩት አይቀየርም።

ሕግ ባለሙያ፦ ጋሼ ያሉት ስጋት እውነት ነው። ሕጉ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። አንደኛ፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይም እንኳ፣ የማመልከት መብት አለው። ማስረጃ መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው። የሐሰት ውንጀላ የሚባለው ሰውየው ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሲወነጅሉት ነው። ያዩትንና የሰሙትን እንዳለ መናገር ከዚህ አይገባም። ፌስቡክ ላይ ፎቶውን መለጠፍ ግን ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ኮች የፈራው ነገር ያለው እዚያ ነው፤ ጣቢያ ሄዶ ማመልከት ላይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን፣ አንቀጽ 627 ከ13 በታች ባሉት ላይ የሚፈጸመውን ይመለከታል። ልጁ በአደራ የተሰጠው ወይም በሥሩ ያለ ከሆነ በ626 ቅጣቱ ይከብዳል። አሰልጣኝ እዚህ ውስጥ ነው ብዬ ነው የምከራከረው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሚያሳድጓቸው ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል፤ ዱላውን ያነሳሽው እህቴ ለዚህ ነው።

የኛ ሕግ የሚጎድለው ሌላ ቦታ ነው። ወንጀልን ባለማሳወቅ የሚያስቀጣው አንቀጽ 443 በዋናነት በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። እንደ ሜሪላንዷ እህታችን 24 ሰዓት ቆጥሮ የሚያስገድድህ አይደለም። ስለዚህ የጠረጠረ አሰልጣኝ ዝም ቢል በዚህ አንቀጽ የሚጠይቀው ያለ አይመስለኝም።

አሰልጣኝ፦ መልእክቱን ለብቻ ላለመጻፍ እስማማለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በወላጆች ግሩፕ ብቻ ነው የምጽፈው። ፖሊሱ ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። እስካሁን የታየ ነገር የለም እኮ! መሸኘትና መጻፍ ነው።

ከሜሪላንድ፦ የታየ ነገር እስኪመጣ ከጠበቅን ልጅቷ ተጎድታለች ማለት ነው።

ጠያቂዋ እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ኮችንም ጭምር። ትናንት ከልጅቷ እናት ጋር ቁጭ ብለን አወራን። አለቀሱ፤ መሸኘቱን ያውቁ ነበር፣ የማታውን ግን አያውቁም። ሰኞ አብረን ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል እንሄዳለን። ሽማግሌ አልላክሁም። አሰልጣኙንም አላነጋገርኩም፤ ካነጋገርኩት ስልኩን ያጸዳዋል ብዬ ፈራሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ልጅቷን ቁጭ አድርጌ ልጠይቃት ወይ?

ሕግ ባለሙያ፦ አትጠይቂያት። ለሁለት ለሦስት ሰው ደጋግማ ከተናገረች በኋላ ቃሏ «አስጠንተዋት ነው» ይባላል። ራሷ ከነገረችሽ ስሚያት፣ የተናገረችውን በራሷ አነጋገር ቀኑን ጨምረሽ ጻፊው። ልጅቷ በምትጽፍበት ስልክ ላይ የቀረ መልእክት ካለ እስክሪን ሾት አንሱት። የደረሰባት ጉዳት ካለ ደግሞ ጋንዲ ሆስፒታል የአንድ መስኮት ማዕከል አለ፤ ሐኪሙም ፖሊሱም እዚያው ናቸው፣ ከቢሮ ቢሮ አትንከራተትም።

የቀድሞ ሯጭ፦ እስከ ሰኞ ደግሞ በመኪናው አትሂድ። ከልጅሽ ጋር በታክሲ ትመለስ። ለሱ ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም።