ስልኬ የምፈልገውን በምን አወቀ? ኢንኮግኒቶስ ይደብቀኛል?

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦
ሰላም ወገኖቼ። ለአባቴ መስኖ የውሃ መሳቢያ ሞተር ዋጋ በክሮም ፈልጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፌስቡክ ስከፍት ሞተር፣ ዜና ሳነብም ሞተር። ስልኬ ወሬዬን እየሰማ ነው እንዴ? ጓደኛዬ “በኢንኮግኒቶ (በክሮም የግል መስኮት) ክፈት፣ ማንም አያይህም” ይለኛል። እውነት ነው? እህቴ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት እየገባች የሥራ ማመልከቻ ትሞላለች። እሷስ ምን ትጠንቀቅ?

የቡሬው፦
ወንድሜ፣ ይህን ለማወቅ ወሬህን መስማት አያስፈልጋቸውም። ኩኪ ይበቃቸዋል። ኩኪ ድረ ገጹ ብሮውዘርህ (እንደ ክሮም ያለው የድረ ገጽ መክፈቻ) ላይ የሚያስቀምጣት አጭር ጽሑፍ ናት። ወፍጮ ቤት ጆንያ ላይ እንደሚደረግ ምልክት ቁጠራት፤ ስትመለስ ማን እንደሆንክ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ባለሙያ የፈጠራት ለበጎ ነበር፤ ያለ እሷ ዕቃ መርጠህ ገጽ በቀየርክ ቁጥር ድረ ገጹ ይረሳሃል። ጣጣው የመጣው ከማስታወቂያው ነው። ማስታወቂያ አቅራቢው በብዙ ድረ ገጾች ላይ ስላለ፣ ሞተር ሻጩ ጋ ያየህን ዜናው ላይም ያውቅሃል። ሻጩ የፌስቡክን ኮድ ገጹ ላይ ካስገባ ደግሞ መግባትህ ለፌስቡክ ይደርሰዋል።

መምህርት ከደብረ ማርቆስ፦
“ማንም አያይህም” የሚለውን አትመን፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ኢንኮግኒቶ መስኮቱን ስትዘጋ በዚያው መስኮት የገባህበትን ታሪክና ኩኪ ከስልክህ ላይ ያጠፋል፣ በቃ። ኢንተርኔት የሚሰጥህ ድርጅትና የዋይፋዩ ባለቤት የትኛው ድረ ገጽ እንደገባህ ማየት ይችላሉ። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ከጀመረ የጻፍከውን አያነቡም፤ የድረ ገጹን ስም ግን ያያሉ። በፌስቡክ አካውንትህ ከገባህማ ማንነትህን ራስህ ነገርከው።

ለእህትህ ግን ኢንኮግኒቶ በደንብ ይጠቅማታል፣ ኮምፒውተሩ የብዙ ሰው ነውና። ፓስዎርድ ላስቀምጥ ሲላት እምቢ ትበል። ስትጨርስ ሎግ አውት ብላ መስኮቱን ሁሉ ትዝጋ። ያወረደችው ሲቪና የመታወቂያ ስካን ግን ዳውንሎድስ ውስጥ ይቀራል፤ ኢንኮግኒቶ አይነካውም። እባክህ ይህን አደራ በላት፤ አጥፍታ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ታድርግ።

የባሕር ዳሩ፦
ለማስታወቂያው፦ ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥብ ተጫን፣ ሴቲንግስ ግባ፣ ሳይት ሴቲንግስ ውስጥ ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ (ከገባህበት ድረ ገጽ ውጪ ያሉ፣ እንደ ማስታወቂያ አቅራቢ ያሉ ሌሎች የሚያስቀምጧቸው ኩኪዎች) የሚለውን ብሎክ አድርግ። በአካውንት የምትገባባቸው ድረ ገጾች ብዙውን ጊዜ አይበላሹም። አይፎን ላይ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይህን በራሱ ያግዳል። እኔ የምመክርህ ግን ፋየርፎክስ የሚባለውን ብሮውዘር ጭነህ ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ እንድትጨምርበት ነው። ማስታወቂያው ሳይወርድ ስለሚቀር ዳታም ይቆጥብልሃል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቴሌግራምን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ሳትዘጋ ወጥታ ከሆነስ?

መምህርት ከደብረ ማርቆስ፦
ከስልኳ ትዘጋዋለች። ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ ትግባ። የገባችባቸው ኮምፒውተሮች ተዘርዝረው ይታያሉ። ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ የሚለውን ስትጫን ከያዘችው ስልክ በቀር ሁሉም ይወጣል። ጂሜይል ከሆነ ጉግል አካውንቷ ውስጥ ሴኩሪቲ ሥር ዩር ዲቫይስስ አለ፤ የማታውቀውን መርጣ ሳይን አውት ትበል። ከዚያ ፓስዎርዷን ትቀይር፣ ዛሬውኑ።