ፍሬሽ (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ነኝ፣ 3 ሳምንቴ ነው። ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ቤት ልግባ?

ፍሬሽዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከወልዲያ ነኝ፣ ምደባ ሲወጣ ደቡብ ደረሰኝ። የቱ ግቢ እንደሆነ ይቅር። ናቹራል ሳይንስ ነኝ። ከመጣሁ 3 ሳምንት ሆነኝ፣ አንድም ሌሊት እንቅልፍ ጠግቤ አላደርኩም። ዶርም 6 ነን፣ አራቱ ከሶዶ የመጡ ናቸው፣ እርስ በርስ በወላይትኛ ነው የሚያወሩት። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ግን በሳቁ ቁጥር በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል። ውሃ የሚመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ ያኔ ተነስቶ ጀሪካን ያልሞላ ቀኑን ሙሉ የለውም። የካፌው ነገር ይቅር። እናቴ የቋጠረችልኝ በሶ ባይኖር ምን እሆን ነበር።

ትምህርቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ማትሪክ ጥሩ ነው ያመጣሁት፣ ሰፈር ውስጥ ካሁኑ ዶክተር ነው የሚሉኝ። እዚህ ግን የሎጂክ መምህሩ አንድ ሰዓት ተኩል በእንግሊዝኛ ያወራል፣ እኔ ደብተሬ ላይ የምጽፈው ቀኑን ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ኩዊዝ ከ10 ሁለት አገኘሁ። ሁለት! ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ ሲደውል ደህና ነኝ እላለሁ፣ ምክንያቱም የመጣሁበትን ትራንስፖርት ከማን እንደተበደረ አውቃለሁ።

ትናንት ሬጅስትራር ሄጄ የዊዝድሮዋል ፎርም ወስጃለሁ። ሞልቼ ለከርሞ መመለስ እችላለሁ? ወይስ ዝም ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ልሂድ? እባካችሁ አይዞሽ ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱን ጠግቤያለሁ።

ጂሲ ሲቪል፦
እሺ፣ አልልሽም። መጀመሪያ የፎርሙን ነገር እንጨርስ። ሻንጣ ይዞ መጥፋት የሚባለውን ከጭንቅላትሽ አውጪው። ፎርሙን ሞልተሽ፣ አስፈርመሽ፣ የላይብረሪውን የዶርሙን የካፌውን ክሊራንስ ጨርሰሽ፣ አይዲ መልሰሽ ነው የሚወጣው። ያለዚያ ከጠፋሽ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) ስትጠይቂ ፋይልሽን ከፍተው ምን እንደሚሉሽ አይታወቅም። በደንቡ ብትወጪም ያቋረጥሽው ሴሚስተር ተመልሶ እስኪሰጥ ነው የምትጠብቂው፣ ስለዚህ ዓመቱን ቤት ቁጭ ነው። ያን ዓመት ሰፈር ውስጥ ዶክተር እየተባልሽ እንዴት እንደምታሳልፊው አስቢበት።

አሁን ኩዊዙ። ከ10 ሁለት ማለት ከ100 ያጣሽው 8 ነው። 90ው ገና አልተነካም! እኔ የሎጂክ የመጀመሪያ ቴስት ላይ ከ15 አራት ነው ያገኘሁት፣ ቢ አውጥቼ ጨርሻለሁ።

ማንም የማይነግርሽ ነገር ደግሞ አለ። የፍሬሽ ኮርሶች ሞጁል በየዩኒቨርሲቲው አንድ ነው፣ ከሚኒስቴሩ ነው የመጣው። ስለዚህ መምህርሽ ካልገባሽ የሌላ ግቢ ልጆች በአማርኛ ያስረዱትን ቴሌግራም ላይ ፈልጊ፣ ያው ምዕራፍ ነው። ሎጂክ የሚከብደው እንግሊዝኛው እንጂ ሐሳቡ እኮ ከሰፈር የምታውቂው ነው። ምዕራፍ 5 ፋላሲ ነው፣ የተሳሳተ ክርክር ማለት ነው። ጎረቤት «ልጅህ ሲጋራ ጀምሯል» ሲል አባት «ያንተስ ልጅ?» ብሎ ቢመልስ፣ ያው ቱ ኩዎክዌ (tu quoque) የሚሉት እሱ ነው። የራሱን ልጅ ጉዳይ ሳይመልስ ወሬውን ወደ ሰውዬው አዞረው። «ሁሉም ከዚያ ቤት ነው የሚገዛው፣ ስለዚህ ጥሩ ነው» ደግሞ ባንድዋገን። እኔ እያንዳንዱን በእናቴና በአክስቴ ጭቅጭቅ ነው የያዝኩት፣ አክስቴ ብቻዋን ምዕራፉን ትሸፍናለች።

ካፌ የሰለቸው፦
በሶው ሲያልቅ ኖን ካፌ ልሁን፣ የምግቡን ብር ተቀብዬ ውጪ ልብላ እንዳትዪ ብቻ። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር 100 ገባ ተብሎ ደስ ብሎን ነበር፣ ውጪ ወጥተሽ ቁርስ ምሳ እራት ስትሞክሪው ግን ሒሳቡ አይገጥምም። ሽሮውን ልመጂው። ሚጥሚጣ ከቤት አስልኪ።

የጎንደር ምሩቅ፦
የኔ እህት፣ እኔ ያንቺ ግልባጭ ነኝ። ከሐዋሳ ጎንደር ነው የደረሰኝ። አማርኛ እየቻልኩ እንኳን የቀልዳቸው መውጫና መግቢያ አይገባኝም ነበር፣ እኔም በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። ግማሹን ሳጣራው በመምህር ነበር የሚስቁት፣ ግማሹን እስካሁን አላውቅም።

እኔን ያቆየኝ ቅዳሜ ነው። ጎንደር የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ነገር አለ፣ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ፍሬሽ ተማሪን እንደ ልጁ ይቀበላል። የእኔዋ እማማ ቅዳሜ ቡና አፍልተው ካልመጣሁ ይደውሉ ነበር። ሦስተኛው ስኒ ላይ ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ በኋላ አምልጦ መሄድ የለም፣ በግድ ትበያለሽ። እናንተ ጋ ይህ ባይኖር የቤተ እምነት ልጆችን ፈልጊ፣ ግቢ ጉባኤም ሁን ጀመዓ ወይ ፌሎሺፕ፣ አዲስ ልጅ ይናፍቃሉ። ሌላው የሴቶች ጉዳይ ወይ የጀንደር ቢሮ ነው። ለሴት ተማሪዎች ቲቶሪያል የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው፣ ከቤት የማይላክላትንም ባቅማቸው ይደግፋሉ። ስለ አባትሽ ብድር እዚያ ተናገሪ፣ አያሳፍርም።

ለዶርሙ ደግሞ፣ ዛሬ ሌሊት ውሃ ሲመጣ አንዷን «ውሃ በእናንተ ምን ይባላል?» በያት። በቃ።

ወጥቶ የተመለሰ፦
ሁላችሁም ቆዪ ቆዪ አላችኋት። እኔ ሞልቼ ወጥቻለሁ፣ አልቆጨኝም። እንቅልፍ ጠፍቶብኝ፣ ምግብ አልዋጥ ብሎኝ፣ ሁለት ወር ዝም አልኩ። በመጨረሻ የግቢው ክሊኒክ ላከኝ፣ በሐኪም ወረቀት ወጣሁ፣ ለከርሞ ተመለስኩ። አሁን 3ኛ ዓመት ነኝ። ልነግርሽ የፈለግኩት 3 ሳምንት ካልተኛሽ ይሄ የሎጂክ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ክሊኒክ ሂጂ፣ ወይ የተማሪዎች ዲን ስር ያለውን የምክር ቢሮ አንኳኪ። የእኔ ግቢ ቢሮው ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም፣ ሦስቴ ተመላልሼ ነው ያገኘኋቸው። ተመላለሽ።

ቾክ ያቃጠለው፦
መምህር ነኝ፣ ሌላ ግቢ። ከሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የቢሮዬ በር ላይ ኮንሰልቴሽን ተብሎ ተለጥፏል፣ ሴሚስተሩን ሙሉ የሚመጣው ሁለት ልጅ ነው፣ እነሱም ውጤት ይጨመርልን ሊሉ ነው። የኩዊዝ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ። «አልገባኝም» ብቻ አትበዪ፣ አንድ ጥያቄ ላይ ጣትሽን አድርገሽ ይሄ ለምን ተሳሳተ በዪ። በአማርኛ ብትጠይቂው አይበላሽም።

ፍሬሽዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁለቴ አነበብኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ጀሪካን ይዤ ቆሜ የዶርሜን ልጅ ጠየቅኳት። ሃታ ነው አለችኝ። እኔም ጮክ ብዬ አልኩት፣ ግን ምን ብዬ እንዳበላሸሁት እንጃ፣ አራቱም መሬት እስኪወድቁ ሳቁ። አሁን በእኔ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ የእኔንም ጀሪካን ሞሉልኝ፣ ነገ ተራው የእኔ ነው፣ የስድስታችንንም እሞላለሁ።

ሐሙስ መምህሩ ጋ እሄዳለሁ፣ ክሊኒክም። ፎርሙን ግን አልቀደድኩትም፣ ሻንጣ ውስጥ ከበሶው ስር አለ።