ቻይና የምታስገባው ድፍድፍ ነዳጅ ቀንሶ ማጣሪያ የምትከፍተው ለምንድን ነው?

ቀለም_ቀንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ለመሥሪያ ቤት የሚሆን አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጉዳዩ የትልልቅ ታዳጊ አገሮች የነዳጅ ፍላጎትና የማጣሪያ አቅም ነው። ሁለቱ እኩል የሚያድጉ መስሎኝ ጀመርኩ፤ ቁጥሩን ሳይ ግን ተምታታብኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቻይናን እንይ። በ2023 በቀን ወደ 11.3 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ አስገባች። በ2024 ወደ 11 ሚሊዮን ወረደች። በዚያው ዓመት ግን ሻንዶንግ ውስጥ በቀን 400 ሺህ በርሜል የሚያጣራው የዩሎንግ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ህንድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። ፍጆታዋ በየዓመቱ ይጨምራል። በ2030 የማጣሪያ አቅሟን በዓመት 450 ሚሊዮን ቶን ታደርሳለች ሲባል ከርሞ፣ አሁን የሚነሳው ቁጥር 310 ገደማ ነው።

ናይጄሪያማ ጭራሽ አልገባኝም። የአፍሪካ ትልቁ ማጣሪያ እሷ ዘንድ ነው፤ ድፍድፍም አላት። ማጣሪያው ግን ከአሜሪካ ድፍድፍ ይገዛል!

አለቃዬ «በአንድ በኩል ፍላጎት፣ በሌላ በኩል አቅም አድርገሽ ሠንጠረዥ ሥሪልኝ» ብሎኛል። ሠራሁት፣ አልገጥም አለኝ። የገባው ሰው ካለ በእናታችሁ ያስረዳኝ።

ሒሳብ_አዋቂ

ምንም ውስብስብ ነገር የለውም። የቻይና አመል ነው። ብረቱንም፣ ሲሚንቶውንም፣ የፀሐይ ፓኔሉንም ከሚያስፈልጋቸው በላይ ነው የሚሠሩት። የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ግብርና የሥራ ዕድል ይፈልጋል፣ ባንኩ ያበድራል፣ ፋብሪካው ይቆማል። የተረፈውን ወደ ውጭ ያራግፉታል። ህንድ ደግሞ ትፎክራለች፣ መሬት ላይ ሲደርስ ይጎተታል። አበቃ።

ባለፈረቃው

ሒሳብ_አዋቂ፣ የክፍለ ሀገሩ ነገር እውነት ነው። «ያራግፉታል» ያልከው ግን ለነዳጅ አይሠራም። የቻይና ማጣሪያዎች ቤንዚንና ናፍጣ ወደ ውጭ የሚልኩት መንግሥት በሚሰጣቸው ኮታ ልክ ብቻ ነው። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ደግሞ ለላኪው የሚመለሰው ግብር ከ13 በመቶ ወደ 9 ወርዷል። እንደ ልብ ማራገፍ የለም።

እህቴ ቀለም_ቀንድ፣ እኔ ማጣሪያ ውስጥ በፈረቃ የሠራሁ ሰው ነኝ። የት እንደሆነ ይቆየን። ሠንጠረዥሽ ያልገጠመው በሁለቱም በኩል «ነዳጅ» ብለሽ ስለጻፍሽ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ነዳጅ የሚባል ምርት የለም። ቡታጋዝ አለ፣ ናፍታ አለ (ናፍጣ አይደለም፤ ለኬሚካል የሚሆን ቀላል ፈሳሽ ነው)፣ ቤንዚን፣ የአውሮፕላን ነዳጅ፣ ናፍጣ፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣ፣ ሬንጅ አለ። ድፍድፉ እቶን ውስጥ አልፎ፣ 350 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ምርቱን የሚለየው ረጅም ማማ ውስጥ ሲገባ ሁሉም በየደረጃው ይወጣል። በሬ አርደሽ ሽንጥና ጭኑን ብቻ ልውሰድ ብትዪ ማን ይሰማሻል? ቤንዚን የፈለገ አገር ሌላውንም አብሮ ይቀበላል፤ የሚያደርግበትንም መላ ይፈልጋል።

አሁን ቻይናን በዚህ ዓይን እይያት። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአብዛኛዎቹ ወራት ከሚሸጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች ግማሽ ያህሉና ከዚያም በላይ በኤሌክትሪክ ወይም በኤሌክትሪክና በቤንዚን የሚሄዱ፣ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ሆነዋል። ከባድ መኪናው በበኩሉ በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ መሄድ ጀምሯል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንዳለው የቤንዚን፣ የናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ፍላጎቷ ተደምሮ በ2024 ከ2021 በታች ነበር። ታዲያ አዲሶቹን ማጣሪያዎች እነማን እንደሠሯቸው ልብ በዪ። ዳሊያን አጠገብ ያለው የሄንግሊ ማጣሪያና ዦውሻን ደሴት ላይ ያለው፣ በቀን 800 ሺህ በርሜል የሚያጣራው የሮንግሸንግ ማጣሪያ ባለቤቶች ከነዳጅ ማደያ አይደለም የመጡት። ከክርና ከፖሊስተር ነው የመጡት። የፖሊስተር ክር ለመሥራት ፓራዛይሊን የሚባል ኬሚካል ያስፈልጋል። ፓራዛይሊን ከናፍታ ይወጣል። ናፍታ ከድፍድፍ ይወጣል። ወደ ላይ እየወጡ እየወጡ ማጣሪያው ላይ ደረሱ። ለእነሱ ቤንዚኑ ተረፈ ምርት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። መኪናው ሶኬት ላይ ሲሰካ የማደያው ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ሸሚዝና የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛው ሰው ግን አልቀነሰም።

ዩሎንግም ቢሆን እላዩ ላይ ብቻ አይታይም። እሱ እንዲፈቀድ ሻንዶንግ ውስጥ «የሻይ ማንቆርቆሪያ» ከሚባሉት ትናንሽ የግል ማጣሪያዎች አሥር ያህሉ እንዲዘጉ ተደርጓል። መንግሥት የአገሪቱ ጠቅላላ አቅም በ2025 ከአንድ ቢሊዮን ቶን እንዳያልፍ ገደብ አስቀምጦ ስለነበር አዲስ የሚገባው አሮጌ እያስወጣ ነው። አንቺ ያየሽው የተከፈተውን ብቻ ነው። የሚዘጋ ማጣሪያ ሪባን የሚቆርጥለት የለም።

ህንድ ሌላ ታሪክ ናት። እሷ ዘንድ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ከምትጠቀመው ውስጥ ወደ 40 በመቶው ናፍጣ ነው፤ የጭነት መኪና፣ ትራክተር፣ ጄኔሬተር። በድምሩ ሲታይ የማጣሪያ እጥረት የለባትም። በ2024 አቅሟ በዓመት 257 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ ፍጆታዋ ከዚያ ያንሳል፣ ቤንዚንና ናፍጣም ወደ ውጭ ትልካለች። ቡታጋዝን ስታዪ ግን ሌላ ነው። በ2016 የተጀመረው የኡጅዋላ መርሐ ግብር ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ድሃ ቤተሰቦች ሲሊንደር አዳርሷል። ከዚህ የተነሳ ከምትጠቀመው ቡታጋዝ ወደ 60 በመቶው ከውጭ ይመጣል። ሌላ ማጣሪያ ሥሪ ብትያት አይፈታላትም፤ ከአንድ በርሜል የሚወጣው ቡታጋዝ ጥቂት ነው። ወጥ ቤቱን በሙሉ ላዳርስ ብትል መሸጫ የሌለው ናፍታ ይከመርባታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄንን ወረቀት ላይ ብዙም አታገኚውም። በቀን ይህን ያህል በርሜል የሚለው ቁጥር የሚለካው የመጀመሪያውን ማማ ብቻ ነው። ዋናው ጨዋታ ከማማው በኋላ ነው። ኮከር የሚባለውን ክፍል እንውሰድ። ከታች የቀረው ዝቃጭ 500 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ሕንፃ የሚያክል ከበሮ ውስጥ ይገባል። ቀላሉ ተንኖ ይወጣል፤ ናፍጣ የሚሆነው እሱ ነው። የቀረው ከበሮው ውስጥ እንደ ከሰል ይጠጥራል። ከዚያ ውሃ ይለቀቅበታል፣ ላይና ታቹ ይከፈታል፣ ከላይ በሚወርድ ከባድ የውሃ ግፊት እየተቆረጠ ይናዳል። ጓሉ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ የቆምክበት ብረት ሲነዝር በጫማህ ይሰማሃል። ጎን ያለው ከበሮ ደግሞ እየሞላ ነው። አንተ ቆርጠህ ካልጨረስክ የሚቀጥለው ፈረቃ አይመርቅህም።

የህንዱ ጃምናጋር በዓለም ትልቁ የማጣሪያ ስፍራ ነው፤ በቀን ከ1.2 ሚሊዮን በርሜል በላይ። ትልቅነቱ ብቻ አይደለም ገንዘብ የሚያመጣለት። ሌላው የሚሸሸውን ከባድና ድኝ የበዛበት ድፍድፍ በርካሽ ገዝቶ፣ ዝቃጩን በእነዚህ ከበሮዎች ወደ ናፍጣ ስለሚለውጥ ነው። ኮከር የሌለው እኩያው ያንን ዝቃጭ ከድፍድፉ ባነሰ ዋጋ ጥቁር ናፍጣ ብሎ ይሸጠዋል። ሠንጠረዥሽ ላይ ግን ሁለቱ እኩል ሆነው ነው የሚቀመጡት።

ቀለም_ቀንድ

ጋሼ ባለፈረቃው፣ እግዜር ይስጥልኝ። የክር ፋብሪካ ማጣሪያ ይከፍታል ብሎ ማን ያስባል! የህንድ 450 ሚሊዮን ለምን እንደወረደ ግን አልነገሩኝም። ናይጄሪያም ቀርታብኛለች።

መርከብ_ጫኝ

ናይጄሪያን ለእኔ ተዉልኝ፤ በሥራዬ የዚያን ባሕር ዳርቻ ጭነት እከታተላለሁ።

መጀመሪያ «የናይጄሪያ አቅም» የሚባለውን ቁጥር እንዳለ አትውሰጂ። ፖርት ሃርኮርት፣ ዋሪና ካዱና ላይ ያሉት የመንግሥት ማጣሪያዎች ተደምረው 445 ሺህ በርሜል ይባላል። ለዓመታት ግን ያን ያህል አላጣሩም። ቆመው ነበር ብል ይቀላል። አገሪቱ ድፍድፍ ትጭናለች፣ በዚያው የመርከብ መስመር ቤንዚን ይራገፍላታል። እንዲህ ሲሆን ኖረ።

አንቺ ያልሽው ትልቁ፣ ሌጎስ አጠገብ ሌኪ ላይ ያለው የዳንጎቴ ማጣሪያ በቀን 650 ሺህ በርሜል ነው። ሁሉም በአንድ ማማ! በግንቦት 2023 ተመረቀ፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ያወጣው በጥር 2024፣ ቤንዚን ደግሞ በመስከረም 2024። ሲታሰብ 9 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ 20 ቢሊዮን ገደማ በላ።

ድፍድፉን ከአሜሪካ የሚገዛበት ምክንያት ብዙ ነው። ከአገሪቱ ድፍድፍ ከፊሉ መንግሥት ለወሰደው ብድር ቀድሞ የተያዘ ነው። የውጭ ኩባንያዎች የድርሻቸውን በዶላር ለፈለጉት ይሸጣሉ። የቴክሳሱ ቀላል ድፍድፍ ደግሞ አንዳንድ ወር ባሕር ተሻግሮም ይረክሳል። በጥቅምት 2024 ድፍድፉን በአገሪቱ ገንዘብ በናይራ የመሸጥ ስምምነት ተጀመረ፤ እሱም ጭቅጭቅ አላጣውም። ከጓሮህ ጉድጓድ ስላለ ብቻ ማንም በነፃ አይሰጥህም።

ፍላጎቱም ቢሆን ሥር የያዘ ቁጥር አልነበረም። በግንቦት 2023 መጨረሻ የቤንዚን ድጎማው ሲነሳ ፍጆታው በአንዴ ወረደ። ሰው መንዳት ስለቀነሰ ብቻ አይደለም። ከፊሉ ድሮም ድንበር እየተሻገረ ጎረቤት አገር ይሸጥ ነበር።

ሒሳብ_አዋቂ

እሺ፣ እንቀበል። ግን እኮ በዓለም ደረጃ ማጣሪያው ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነ የሆነ ሰው ይከስራል። ማነው የሚከስረው? አዲስ የሚገነባው ወይስ ነባሩ?

ባለፈረቃው

አብዛኛውን ጊዜ ነባሩ። በ2025 መጀመሪያ ላይ የሂውስተኑ ሊዮንዴልባዝል፣ በሚያዝያ የስኮትላንዱ ግራንጅማውዝ ማጣራት አቆሙ። «ምዕራቡ ብቻ ነው የሚዘጋው» እንዳትለኝ፣ የቻይናው ፔትሮቻይናም ዳሊያን ከተማ ያለውን ነባር ማጣሪያውን በዚያው ዓመት አጋማሽ ዘግቷል። በቀን 410 ሺህ በርሜል! ሄንግሊ እኮ እዚያው ዳሊያን ሥር ነው። የከተማው ነባር ማጣሪያ የተሠራው ለነዳጅ ነበር፤ አዲሱ ለኬሚካል ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም።

እህቴ፣ 450ውን ያወረደው በዋናነት መሬት ነው። ከዚያ ውስጥ 60 ሚሊዮን ቶኑ ማሃራሽትራ ባሕር ዳርቻ ሊሠራ የታሰበ አንድ ማጣሪያ ብቻ ነበር፤ የሳዑዲው አራምኮና የአቡዳቢው አድኖክ የሚገቡበት። እዚያ ናናር የሚባል መንደር ያሉ የማንጎ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች አይሆንም አሉ። በ2019 የመሬት ርክክቡ ተሰረዘ። በረሃ ላይ የሆነው የራጃስታኑ ባርመር እንኳ አንዴ በ2013፣ አንዴ በ2018 ሥራው በይፋ ተጀመረ ተብሎለታል፤ 9 ሚሊዮን ቶን ለምትሆን ማጣሪያ።

ለሠንጠረዡ የምመክርሽ ይሄን ነው። አቅም ብለሽ ከምትጽፊ፣ በዓመቱ በእርግጥ የተጣራውን ጻፊ። ፍላጎቱን ቢያንስ ለአራት ክፈዪው፤ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ቡታጋዝ፣ ለኬሚካል የሚሄደው ናፍታ። የተዘጉትንም አስገቢ። ህንድና ቻይና በቶን ስለሚጽፉ፣ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን በቀን 20 ሺህ በርሜል ገደማ ነው ብለሽ አዙሪው።

የምረቃ ቀንን ደግሞ እንደ ሥራ መጀመሪያ አትቁጠሪ። ሜክሲኮ ዶስ ቦካስ ላይ የሠራችውን 340 ሺህ በርሜል ማጣሪያ በሐምሌ 2022 አስመርቃለች፤ ያኔ ገና ምንም አያጣራም ነበር። ምረቃው ካለፈ በኋላ ነው የእኛ ሥራ የሚጀምረው። ቧንቧው በሙሉ በናይትሮጅን ይታጠባል፣ መጋጠሚያው አንድ በአንድ ለልቀት ይፈተሻል። እቶኑም ቀስ ተብሎ ነው የሚሞቀው፣ ውስጡ የተለበጠው ጡብ እርጥበት ስላለው ቸኩለህ ካነደድከው ይሰነጠቃል። ከዚያ ድፍድፉ ሲገባም በግማሽ አቅም ነው። ከፍተኛው ባለሥልጣን ሪባኑን ቆርጦ ከሄደ ዓመት ሞልቶት ይሆናል።

ቀለም_ቀንድ

አለቃዬ አንድ ገጽ ነበር ያለኝ፣ ሦስት ሆነ። ናፍታውን ለብቻ የሚያወጣ መረጃ ለህንድ በየወሩ አግኝቻለሁ፣ ከነዳጅ ሚኒስቴራቸው። ለቻይና ግን ናፍታው ፋብሪካው ውስጥ እንዳለ ወደ ኬሚካል ስለሚያልፍ ተነጥሎ አይታይም። እሱን እንዴት ነው የምገምተው?

ባለፈረቃው

ከወዲያኛው ጫፍ ተነሺ። የፓራዛይሊንና የኤትሊን (ፕላስቲክ የሚሠራበት ጋዝ) ምርቱን ያዢና ወደ ኋላ አስዪ። ኤትሊን ከኤቴን ጋዝም ስለሚሠራ እሱን ቀንሺለት፤ አለበለዚያ ናፍታው ተጋኖ ይወጣብሻል።