የልብ ጡንቻ ጠባሳን ለማየት የትኛው የኤምአርአይ ስልት ይሻላል?

ጠያቂ፣ ድሬዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ዓምና የልባቸው ደም ሥር ተዘግቶ ከታከሙ በኋላ፣ ሐኪማቸው ጡንቻው ምን ያህል ጠባሳ እንደያዘ ለማወቅ አዲስ አበባ ሄደው የልብ ኤምአርአይ እንዲነሡ አዘውላቸዋል። ማዘዣው «ከጋዶሊኒየም ጋር» (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር ከሚወጋው መድኃኒት ጋር) ይላል፤ ክሪያቲኒናቸው (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ውጤት) ትንሽ ከፍ ያለ በመሆኑ ግን መርፌው አስፈርቶናል። ያለ መርፌ የሚሠራው ቲ1 ማፒንግ (ቲ1 የሚባለውን የጡንቻውን የማግኔት ምላሽ ጊዜ በቁጥር የሚለካው የኤምአርአይ ስልት) ሊተካው ይችላል? ከከዚራ ተነሥተን ያን ሁሉ መንገድ ሄደን የማይጠቅም ምርመራ አሠርተን እንዳንመለስ ብዬ ነው።

ራዲዮሎጂስት፣ ሐረር፦
አባትዎን ይማርልዎ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ዋናው ምርመራ አሁንም በጋዶሊኒየም የሚሠራው ነው። መድኃኒቱ ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ስለማይገባና በሕዋሳት መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ስለሚሰራጭ፣ ክፍተቱ በሰፋበት ጠባሳ ውስጥ ይከማቻል፤ ቶሎም አይወጣም። ከተወጋ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ሲነሣ ጤነኛው ጡንቻ ጠቁሮ፣ ጠባሳው ነጥቶ ይታያል። ከደም ሥር መዘጋት የሚመጣ ጠባሳ ከግድግዳው ውስጠኛ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ውጭ ስለሚሰፋ፣ ከውፍረቱ ምን ያህሉን እንደያዘ ማየት፣ ደም ሥሩ ቢከፈት ያ ክፍል ወደ ሥራው ይመለስ እንደሆነ ለመገመት ይረዳል። የሚያስቸግረው፣ ጠርዙ ላይ ያለው ቀጭን ጠባሳ አጠገቡ ካለው ነጭ ደም ጋር መመሳሰሉ ነው፤ ደሙን አጥቁሮ የሚያሳየው ስልት የመጣውም ለዚሁ ነው።

ቲ1 ማፒንግ የሚያይለው ሌላ ቦታ ነው። ጠባሳው በጡንቻው ሁሉ ተበትኖ ሲገኝ የጋዶሊኒየሙ ምስል የሚያነጻጽርበት ጤነኛ ክፍል ስለሚያጣ ሊያመልጠው ይችላል፤ ማፒንግ ግን የጡንቻውን የቲ1 ጊዜ ራሱን በሚሊሰከንድ ቁጥር ስለሚለካ ያገኘዋል። ይሁንና ቁጥሩ በጡንቻ እብጠትም ይጨምራል፤ በ1.5 እና በ3 ቴስላ (የማግኔቱ ኃይል መለኪያ) ማሽንም ይለያያል። ስለዚህ አብሮ ቢሠራ መልካም ነው፤ ይተካል ግን አልልም።

የራጅ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦
ስለ ኩላሊቱ፣ ክሪያቲኒን ብቻውን አይበቃም። ከዕድሜና ከፆታ ጋር የሚሰላው የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ የጋዶሊኒየም ስጋት እጅግ አነስተኛ ነው፤ ከዚያ በታች ቢሆንም ማክሮሳይክሊክ የሚባሉት (ጋዶሊኒየሙን አጥብቀው የሚይዙት) የመድኃኒቱ ዓይነቶች የተሻለ ደኅንነት ስላላቸው ሐኪሙ ሊፈቅድ ይችላል። የቅርብ ጊዜ የደም ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ሌላው፣ አባትዎ ብረት ሲቆርጡ ወይም ሲበይዱ የኖሩ ከሆነ (በከተማችን በምድር ባቡር ጋራዥ ያለፈ አባት ብዙ ነውና) ዓይናቸው ውስጥ ቅንጣት ገብቶ ያውቅ እንደሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ማግኔቱ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። በወጣትነታቸው አንድ ቅንጣት ገብቶባቸው ወጥቶላቸዋል፤ ሁሉም ስለመውጣቱ ግን እርግጠኛ አይደሉም።

የራጅ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦
እንግዲያው የዓይን ራጅ እዚሁ ተነሥተው ውጤቱን ይዘው ይሂዱ።