«ውስጠ ወይራ»፦ ደሴ ውስጥ የተደበቀችውን ሣጥን የሚጠቁመውን ግጥም እንዴት እንፍታው?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሠፈራችን ወጣቶች ከሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው ደሴ ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ደብቀዋል። ሣጥኗን ያገኘ ሰው ከውስጧ አንድ ወረቀት አውጥቶ ለአስተባባሪዎቹ ሲያስረክብ ጋቢና መጻሕፍት ይሸለማል። ለፈላጊዎች የታደለን «ውስጠ ወይራ» የሚል ርእስ ያለው ይህ ግጥም ብቻ ነው፦

ሁሉን ካበላው ቤት ማንንም ሳይንቅ፣
ተነሥና ውጣ፣ መንገዱን ጠይቅ።
ሳንቃ የሌለው በር፣ ቤትም ያልሠሩለት፣
አለልህ፣ እለፈው፣ ዘበኛም የለበት።
አሮጊቷ እናት ቆማ ብዙ ዘመን፣
ጥላ አትሄድምና ፈልግ እዚያው ልጇን።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሦስት ቅዳሜ ፈልገን አላገኘንም። «ሁሉን ካበላው ቤት» የሚለውን ዝክር የሚበላበት ደጀ ሰላም ነው ብለን ከመድኃኔዓለም ተነሣን፤ ግጥሙ «ውጣ» ስለሚል ደግሞ ሽቅቡን ይዘን ወደ አዝዋ ገደል ወጣን። እዚያ በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለውን ክፍተት «ሳንቃ የሌለው በር» አልነው፤ አሮጊቷንም እናት ተራራው ራሱ አደረግናት። ጉም ወርዶ ሁለት ክንድ ርቀት እንኳ ማየት ሲያቅተን አንደኛው ጓደኛዬ አዳልጦት ክርኑ ተላጠ። ስሕተታችን ከየትኛው ስንኝ ላይ እንደጀመረ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ዘዋድላ፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ለጓደኛህ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክለት። በዋድላ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመታት ተምሬአለሁና ያየሁትን ልንገርህ።

ስሕተታችሁ የጀመረው «ውጣ» ከሚለው ቃል ነው። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት የሞላባት ከተማ ስለሆነች የከተማዋ ሰው «ውጣ» ሲባል እግሩ ወደ ሽቅብ ያመራል። ነገር ግን ከፍ ብሎ «ካበላው ቤት» የሚል «ከ» አለ፤ ስለዚህ ከቤት ወደ ውጭ መውጣት እንጂ ዳገት መውጣት አይደለም። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝ ከአጠገቡ ያሉትን ትንንሽ ቃላት መመርመር ይገባል፤ ምስክሮቹ እነርሱ ናቸውና።

ቤቱም ደጀ ሰላም አይመስለኝም። «ማንንም ሳይንቅ» የሚለውን በሌላ ቃል ብትተካው «ማንንም ሳይጠየፍ» ይሆናል። ይህ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ሀብታምና ድሃ፣ እስላምና ክርስቲያን ሳይለይ ግብር ይበላበት ስለነበረ «አይጠየፍ» የተባለው አዳራሽ ነው። ገጣሚው ስሙን ላለመጥራት ትርጉሙን ብቻ ሰጥቷችኋል።

የሦስተኛው ስንኝ በር ሳንቃ የሌለው፣ ቤትም ያልተሠራለት ከሆነ በስሙ ብቻ በር የሆነ ቦታ ነው። በደሴ ይህ ሸዋ በር ነው፤ ሠፈር እንጂ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አይደለም።

የግጥሙ ልብ ግን «ጥላ» ነው። ሰሙ እናት ልጇን ጥላ፣ ማለትም ትታ፣ አትሄድም የሚል ነው። ወርቁ ደግሞ የዛፍ ጥላ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ «ገና» የሚለውን በዓሉ ነው ወይስ «እስካሁን» ነው ብለን በአነባበብ እንለያለን፤ «ጥላ» ግን በሁለቱም ፍቺው ላልቶ ስለሚነበብ ጆሮም አይለየውም፤ እውነተኛ ኅብረ ቃል ነው። እንግዲህ አሮጊቷ እናት ያረጀች ዛፍ ናት፤ ልጇም ከእርሷ ያልራቀችው ሣጥን ናት። ርእሱ የቅኔውን ዓይነት የሚናገር ነው፤ ውስጠ ወይራ ማለት ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ቅኔ ነው።

ከኮምቦልቻ፦

በዘዋድላ ትንታኔ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ከሌላ አገር የታየውን ነው። ፎረስት ፌን የተባሉ አሜሪካዊ የሥዕልና የቅርስ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉት፣ በሮኪ ተራሮች የተደበቀ ሀብት ነበር፤ መጠቆሚያው 24 ስንኞችና 9 ፍንጮች ያሉት ግጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዋዮሚንግ ውስጥ እስኪገኝ ድረስ እጅግ ብዙ ሰዎች ፈልገውታል፤ በፍለጋውም ቢያንስ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ፈላጊዎች የሚወዱትን ወይም የሚያውቁትን ቦታ አስቀድመው መርጠው ከዚያ ግጥሙን ወደ ቦታው ይጎትቱ ነበር፤ ከመጀመሪያው ፍንጭ በቅደም ተከተል የተነሡት ጥቂቶች ናቸው። እናንተም በልባችሁ አዝዋ ገደልን ከመረጣችሁ በኋላ ቋጥኙ በር፣ ተራራው እናት ሆነላችሁ።

ደባቂው ማን እንደሆነም አስቡ። ፌን ሣጥኑን ሲደብቁ ሰማንያ ዓመት ገደማ ነበሩ፤ ስለዚህ አንድ አረጋዊ ተሸክሞ የማይደርስበት ገደል መፈለግ ከንቱ ነበር። የእናንተን ሣጥን የደበቁት ከሽማግሌዎች ጋር ነው ካልክ፣ ሽማግሌዎች ገደል አፋፍ ላይ አያስቀምጧትም።

ሌላው ጊዜ ነው። ባይረን ፕራይስ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚም እ.ኤ.አ. በ1982 ግጥምና ሥዕል አውጥቶ 12 ሣጥኖች ቀብሮ ነበር። እስካሁን የተገኙት ሦስት ብቻ ናቸው፤ በቺካጎ በ1983፣ በክሊቭላንድ በ2004፣ በቦስተን በ2019። በየቦታው የነበረው ምልክት በግንባታ ሲለወጥ ፍንጩም አብሮ ይጠፋል። የእናንተ ግጥም ግን የቅርብ ጊዜ ስለሆነ «ቆማ» ያላት ዛፍ ዛሬም ቆማ መገኘት አለባት፤ ጉቶ ካገኛችሁ እርሷ አይደለችም።

እትዬ ከሸዋ በር፦

ልጆቼ፣ ግጥሙ «መንገዱን ጠይቅ» ይላል፤ እናንተ ግን ማንንም ሳትጠይቁ ሦስት ቅዳሜ ተንከራተታችሁ። ሸዋ በርን አልፎ በአንድ የድሮ የድንጋይ አጥር ጥግ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የማውቃት ትልቅ ወይራ አለች። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው የሚያርፉት ከሥሯ ነው። ግንዷ በአንድ ወገን ባዶ ሆኗል፤ እኛ ልጆች ሳለን ሙዳይ እንደብቅበት ነበር። ርእሱን ደግማችሁ አንብቡት፤ የቅኔውን ዓይነት ብቻ የሚናገር አይመስለኝም። አፈር እንዳትቆፍሩ አደራ፤ ሥሯ ይጎዳል።

የጦሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ከአይጠየፍ ተነሥተን አንድም ስንኝ ሳንዘል በእግራችን ሄድን፤ ሸዋ በር ስንደርስ እትዬ እንደመከሩን አንዲት ጉልት የተቀመጡ እናትን ጠየቅንና በእጃቸው አመለከቱን። ወይራዋ ቆማለች። የግንዷ ባዶ ቦታ ከደረቴ ከፍታ ላይ ነው፤ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ በደረቀ ቅጠል መካከል ስዳብስ ጣቴ በፌስታል የተጠቀለለ ቆርቆሮ ነካ። ሣጥኗ ውስጥ አምስት ወረቀቶች ሊኖሩ ይገባ ነበር፤ ያገኘነው አራት ነው፤ ስለዚህ ከእኛ በፊት የደረሰ ሰው አለ። አንዷን ወስደን ሣጥኗን እንደነበረች መለስናት። ሌሎች ፈላጊዎች እየደከሙ ስለሆነ የቀሩት ወረቀቶች እስኪያልቁ ድረስ ይህ ውይይት እንዲሸፈን የገጹን ኃላፊዎች በአክብሮት እጠይቃለሁ።