የድሮ ክለቦች የወረቀት ሊግ፦ ወራጁና አዳጊው አልሠራልን አለ

ጥያቄ፦ የአብማ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ሰነበታችሁ። አምና ክረምት ዝናቡ ልጆቹን ቤት ሲያውላቸው የእህቶቼንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ የወረቀት ሊግ ጀመርን። እያንዳንዱ ቡድን የአንድ የታወቀ ዓመት ቡድን ነው፦ የ1990ው መብራት ኃይል፣ የ1996ቱ ሐዋሳ፣ የ2003ቱ ቡና፣ የ2005ቱ ደደቢት፣ የ2010ሩ ጅማ አባ ጅፋር፣ የ2013ቱ ፋሲል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ላይኛው ሊግ 16፣ ታችኛው 8 ቡድን አለው። የ2011ዱን ባሕር ዳር ከተማ፣ ማለትም ፕሪምየር ሊግ የገባበትን የመጀመሪያ ዓመት ቡድን፣ ታች አስቀምጠን ልጆቹ ሁሉ እንዲያድግ ይጓጓሉ።

ለየቡድኑ ከ1 እስከ 6 ጉልበት ሰጠሁ። በጨዋታ ጊዜ ሁለቱም አንድ አንድ የሉዶ ዳይስ ይጥላሉ፤ የወጣው ቁጥር ከጉልበቱ ጋር ተደምሮ ጎል ይሆናል። ውጤቱ 9 ለ 4፣ 11 ለ 5 ሆነብን። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሊጉ ገና ስላላለቀ አንድም ቡድን ሳይወርድ፣ አንድም ሳያድግ ቀረ። ባሕር ዳርን የያዘው የዘጠኝ ዓመት ልጅ አልቅሶ ነው የተለየን። ዘንድሮ እንዳይደገም እርዱኝ።

መልስ፦ ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ወንድም ዓለም፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ቀንስ። 16 ቡድን በደርሶ መልስ 240 ጨዋታ ነው፤ ይህ በክረምት አያልቅም። ላይ 8፣ ታች 8 አድርገው። ያኔ በየሊጉ 56 ጨዋታ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቡድን 14 ጊዜ ይጫወታል። በሳምንት ሁለት ዙር ብትጫወቱ በሰባት ሳምንት ያልቃል፤ ሐምሌ መጀመሪያ ከጀመራችሁ ለነሐሴ መጨረሻ ትደርሳላችሁ።

መርሐ ግብሩ እንዳይምታታ የስምንቱን ስም በወረቀት ቁራጭ ጻፍና አራት ከላይ፣ አራት ከታች ደርድር። ፊት ለፊት ያሉት ይጋጠማሉ። ለቀጣዩ ዙር አንዱን ወረቀት ሳትነካ የቀሩትን ሰባቱን በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ አዙራቸው። በሰባት ዙር ሁሉም ከሁሉም ይገናኛል። ሁለተኛው አጋማሽ ያው ነው፤ ባለሜዳውን ብቻ ትቀይራለህ።

መልስ፦ የዳንግላዋ

ዋናው ችግር ዳይሱ ላይ ነው። ባልከው ደንብ ጉልበቱ 1 የሆነ ቡድን ባለ 6ቱን በምንም ዕድል አያሸንፍም። ያኛው 1፣ የእሱ 6 ቢወጣ እንኳ 7 ለ 7 አቻ ነው። ልጁ ያለቀሰው እውነቱን ነው።

ጉልበቱ ጎል ላይ አይደመር፤ የዳይስ ብዛት ይሁን። ደካማው 6 ዳይስ፣ ኃይለኛው 10 ይጣል፣ ባለሜዳው 2 ይጨመርለት። 6 የወጣበት ዳይስ ሁሉ አንድ ጎል ነው፣ ሌላው ባዶ። 6 ዳይስ በአማካይ አንድ ጎል ይሰጣል፣ 12 ዳይስ ሁለት። ውጤታችሁ 1 ለ 0፣ 2 ለ 1 ይሆናል፣ አልፎ አልፎም ታናሹ ታላቁን ይጥላል። ብዙ ዳይስ ከሌላችሁ ሁለቱን እየደጋገማችሁ ጣሉ።

ልጆቹ ቁጭ ብለው እንዳያዩ ደግሞ አንድ ውሳኔ ስጧቸው፦ «መከላከል» ያለ ቡድን ከራሱም ከተጋጣሚውም 3 ዳይስ ያስቀንሳል። ምርጫውን ግን ተደብቀው በወረቀት ይጻፉ።

የአብማ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ እታለም፣ ይኸን ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። የጥንቶቹስ? የድሬዳዋውን ጥጥ ማኅበርና የአስመራውን ሐማሴን ማስገባት እፈልጋለሁ፤ ግን ጉልበታቸውን በምን ልለካ?

መልስ፦ ሞጣ ጊዮርጊስ

ልጄ፣ ተጫዋች በተጫዋች እመዝናለሁ ብለህ አትድከም። ቡድኑን በዘመኑ ከነበሩት ጋር ብቻ መዝነው። ሐማሴን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የነበረ ነው፤ ጥጥ ማኅበርም በ1950ዎቹ ደጋግሞ ወስዷል። ሻምፒዮን ለሆነ ዓመት 10 ዳይስ፣ ለሁለተኛ 9፣ መሀል ለጨረሰ 7 ብትል ለሁሉም ትክክል ይሆናል። እነዚያን ቡድኖች ልጆቹ በስም እንኳ ማወቃቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ዓመተ ምሕረቱ ግን ተጠንቀቅ። ኢንተርኔት ላይ «የ2011 ሻምፒዮን» ብሎ ቡናን ካመጣልህ የፈረንጆቹን ነው፤ በእኛ 2003 ማለት ነው። በእኛ 2011 ሻምፒዮኑ መቐለ 70 እንደርታ ነበር። የአፍሪካ ዋንጫን የወሰድነውም በእኛ ጥር 1954፣ በእነሱ 1962 ነው። ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር ጻፍ።

መልስ፦ ዘንገና (እንጅባራ)

ስለ መውረዱ እኔ ልበል። ስምንተኛው ቀጥታ ይውረድ፣ የታችኛው አንደኛ ቀጥታ ይደግ። የላይኛው ሰባተኛ ከታችኛው ሁለተኛ ጋር ደርሶ መልስ ይለይለት። አራት ቡድን ሰብስበህ የመለያ ምድብ እንዳትሠራ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1898 እንዲያ ሲያደርጉ ስቶክና በርንሌይ አቻ ለሁለቱም ስለሚበቃቸው 0 ለ 0 ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀጥታ መውጣትና መውረድ የመጣው። በእናንተም ሁለት ልጆች ተስማምተው «መከላከል» ቢጽፉ ያው ነው።

መልስ፦ ጣና ዳር

ላደገው ቡድን አንድ ዳይስ ጨምሩለት፣ አለዚያ በዓመቱ ይመለሳል።

መልስ፦ ዘንገና

በዚህ አልስማማም። ጉልበቱን በሜዳ ያግኘው። ንግድ ባንክ ባደገ በዓመቱ፣ በ2016፣ ሻምፒዮን ሆኗል። ኖቲንግሃም ፎረስትም እ.ኤ.አ. በ1977 ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ሦስተኛ ሆኖ አደገና በ1978 የእንግሊዝን፣ በ1979ና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። ይልቅ በየዓመቱ መጨረሻ ከተጠበቀው ደረጃ በላይ የጨረሰ ሁሉ አንድ ዳይስ ያግኝ፣ በታች የጨረሰ አንድ ይጣ። ያ ለላይኛውም ለታችኛውም ይሠራል።

የአብማ ልጅ

የዘንገናን ይዣለሁ። ማታ በሙከራ ባሕር ዳር በ7 ዳይስና በሜዳው 2፣ በድምሩ በ9፣ የ2013ቱን ፋሲል በ10 ዳይስ ገጠመ። 1 ለ 1 ወጡ። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አሁን የቀረኝ ሐማሴንን ማን ይያዝ የሚለው ነው፤ ሦስት ልጆች ይፈልጉታል፣ ነገ በዕጣ እንለያለን።