የማዳበሪያ ፋብሪካ ፍሎራይድ ይለቃል ይባላል፤ ጎዴ ላይስ?

የወንጂ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ኬሚስትሪ ወይም ጤና የተማረ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ያደግሁት ወንጂ ነው። አባቴ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። የእኔ ጥርስ በልዟል። የእሱ ደግሞ ወገቡ ከጎበጠ ቆይቷል፤ ወደ ጎን ማየት ሲፈልግ አንገቱ ስለማይዞር መላ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። ሐኪሞች የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ነው አሉን። ስለዚህ ይህ ስም ሲነሳ ቤታችን ይደነግጣል።

አሁን ታናሽ ወንድሜ በኤሌክትሪክ ተመርቆ፣ ጎዴ ላይ በሚሠራው የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመቀጠር አስቧል። እኔ ደግሞ በቱኒዚያዋ ጋቤስ ከተማ ማዳበሪያ ፋብሪካ አጠገብ ተማሪዎች ታፍነው ሆስፒታል እንደገቡ አነበብኩ። ያንን ስከታተል «የማዳበሪያ ፋብሪካ ፍሎራይድ ይለቃል፣ ከብት ያሽመደምዳል» የሚል አገኘሁ። እውነት ነው? እናቴ «አባታችሁ ይበቃናል» እያለች ነው። አትሂድ ልበለው?

ሐዋሳ ነኝ፦
እህቴ፣ እኔ ብሆን አልልከውም። ማዳበሪያ ያው ኬሚካል ነው። ሥራ ሌላ ይገኛል፣ ሳንባና አጥንት ግን አይገኝም።

ላቦራቶሪው፦
እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ፍሎሪዳ፣ ፖልክ ካውንቲ ውስጥ በአንድ የፎስፌት ማዳበሪያ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ፍሎራይድ መለካት የዕለት ሥራዬ ነበር። ወንድምሽን ከመከልከልሽ በፊት ይህን አንብቢ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ማዳበሪያ?» ነው። ፍሎራይዱ የሚመጣው ከፎስፌት ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ከመቶ 3 እስከ 4 እጅ ያህል ፍሎሪን አለ። ፋብሪካው ድንጋዩን ፈጭቶ በሰልፈሪክ አሲድ ሲያበስለው ፎስፎሪክ አሲድ ይወጣል፤ ከዚያ ዳፕና ኤንፒኤስ የሚባሉት ማዳበሪያዎች ይሠራሉ። በዚያው ጊዜ ፍሎራይዱ ጋዝ ሆኖ ይነሳል። ይህ ጋዝ ብርጭቆ ይበላል። ናሙናዎቻችንን እንኳ የምናስቀምጠው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር።

ዛሬ ጋዙ በውሃ ታጥቦ ይያዛል። ድሮ ግን ዝም ብሎ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እዚህ ፖልክ ካውንቲ የሆነው እውነት ነው። ጋዙ ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ላሚቱ ሣሩን ትበላለች። ጥርሷ ያልቃል፣ እግሯ ያነክሳል፣ በመጨረሻ በጉልበቷ እየተንበረከከች ነው የምትግጠው። የብርቱካን እርሻውም ተጎድቷል። አርቢዎቹ ለዓመታት ጮኸው ነው ሰሚ ያገኙት። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እበሳጫለሁ፣ ምክንያቱም ጋዙ በውሃ እንደሚታጠብ ያኔም ይታወቅ ነበር።

ዩሪያ ግን ሌላ ነው። ዩሪያ ከድንጋይ አይሠራም። ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጅን፣ ከአየር ናይትሮጅን ተወስዶ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ዩሪያ ይወጣል። የጎዴው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ከናይጄሪያው ኩባንያ ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው ነው፤ ከሶማሌ ክልል በሚመጣ ጋዝ ዩሪያ ለማምረት ነው የታቀደው። በዚህ ሂደት ውስጥ ፎስፌት ድንጋይ የለም። አባትሽን የጎዳው ነገር ከዚያ ጭስ ማውጫ አይወጣም።

ጋቤስም ቢሆን ፎስፌት ነው የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ። ግን አንድ ነገር ልለይልሽ። ልጆች በአንድ ቀን ተዝለፍልፈው ሲወድቁ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ሰልፈር ዳይኦክሳይድና አሞኒያ ናቸው። በትንሽ በትንሹ የሚገባ ፍሎራይድ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሰውነታችን ከሚገባው ግማሽ ያህሉን በሽንት ያስወጣል፣ ሌላውን አጥንት ውስጥ ያስቀምጣል። እኛ ሠራተኞችም ሽንታችን ከፈረቃ በፊትና በኋላ ይመረመር ነበር። ዴንማርካዊው ሐኪም ካይ ሮሆልም እ.ኤ.አ. በ1937 የክራዮላይት (ፍሎራይድ ያለበት ማዕድን) ፋብሪካ ሠራተኞችን አጥንት አጥንቶ የጻፈው አሁንም ይጠቀሳል፤ ጀርባቸው ልክ እንደ አባትሽ ነበር የሚደርቀው።

ወንድምሽ የሚጠነቀቀው ከአሞኒያ ነው። ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ በብዛት ካመለጠ ይገድላል። ሲቀጠር እነዚህን ይጠይቅ፦ የጋዝ ማንቂያ ደወል አለ ወይ? ማምለጫ ጭንብል ለእያንዳንዱ ሰው ይሰጣል ወይ? ዓይን መታጠቢያው ከሥራ ቦታው ስንት እርምጃ ነው? የነፋስ አቅጣጫ ማሳያው ከየትም ይታያል ወይ? ጋዝ ሲያመልጥ ነፋሱን አቋርጦ ወደ ጎን ነው የሚሮጠው። ይህን ካሁኑ ይወቀው።

ሲስተር ከባቱ፦
የላቦራቶሪውን ሰው ሐሳብ እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ከፋብሪካ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ አለት ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እኛ አካባቢ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ።

እናቶች ሁልጊዜ «አፍልቼ ነው የማጠጣው» ይሉኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድ ግን አይቀንስም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበረታል። ተራው የከሰል ማጣሪያም አይዘውም። የሚይዙት አክቲቬትድ አሉሚና የሚባለው የማጣሪያ ማዕድንና ከከብት አጥንት የሚሠራ ከሰል ናቸው፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምም ይረዳል። ጥርስ የሚበልዘው ገና ድዱ ውስጥ ሲሠራ ስለሆነ እስከ 8 ዓመት ያሉትን ልጆች አስቀድሙ። የወንጂ ልጅ፣ ልጆች ካሉሽ ጎዴን ትተሽ የምትጠጡትን ውሃ አስለኪ።

የወንጂ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አሁን አነበብኩላት፣ ትንሽ ተንፈስ ብላለች። ሲስተር፣ የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ውሃውን ነገ ላስለካ ነው። አባቴ ውሃ ቢቀይር ወገቡ ይመለስለታል?

ሲስተር ከባቱ፦
እህቴ፣ የጎበጠው አይቃናም። ግን አዲስ መግባቱ ሲቆም አጥንት የያዘውን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ሕመሙ የሚቀልላቸው አሉ። ሻይ ይቀንስ፣ ቅጠሉ ራሱ ፍሎራይድ አለው። ወተት ካገኘ ይጠጣ።

ድሬ፦
እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ከሞሮኮው የፎስፌት ኩባንያ ከኦሲፒ ጋር ድሬዳዋ ላይ ለማዳበሪያ ፋብሪካ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ያ ፎስፌት አይደለም እንዴ?

ላቦራቶሪው፦
ወንድሜ፣ ያንተ ጥያቄ ከጎዴው ይከብዳል። ወሳኙ ነገር ፎስፎሪክ አሲዱ የሚሠራው የት ነው የሚለው ነው። አሲዱ ሞሮኮ ተሠርቶ በመርከብ ከመጣ ትልቁ ፍሎራይድና ዝቃጩ እዚያው ይቀራል። ድንጋዩ መጥቶ ድሬ ላይ ከበሰለ ግን ለ1 ቶን አሲድ 5 ቶን ያህል ፎስፎጂፕሰም የሚባል ዝቃጭ ይተርፋል። እዚህ ፍሎሪዳ ያ ዝቃጭ ተራራ ሆኗል፤ ከላዩ አሲዳም ኩሬ አለው፣ ኩሬውም ፍሎራይድ ይተነፍሳል። ፓይኒ ፖይንት የሚባለው ፋብሪካ ከተዘጋ 20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የኩሬው ግድብ ሊደረመስ ደርሶ ከ800 ሚሊዮን ሊትር በላይ የተበከለ ውሃ ታምፓ ቤይ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ተለቀቀ። ሰፈሩ ሰው ከቤቱ ወጣ።

እንዲህ ያለ ፋብሪካ ወደ ከተማችሁ ከመጣ ሥራ ሳይጀምር የአካባቢው ሣርና ጉድጓድ ውሃ ይለካ፣ ቁጥሩም በሕዝብ እጅ ይሁን። ለከብት መኖ የተለመደው ገደብ በደረቅ ሣር በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው። የመነሻው ቁጥር ከሌላችሁ፣ ነገ አርቢው ላሜ አነከሰች ሲል «ድሮም እንዲሁ ነበረች» ይባላል። ፖልክ ላይም አርቢውን ያንገላታው ይኸው ክርክር ነው።